ባዘዘው ያየው ሞት

አንድ ጊዜ ያላየሁትን «አየሁ» ብያለሁ።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ እንዳልፈራ ብዬ ነው። ዝርዝሩን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። መብራቱ እንደሆነ ዛሬም የሚመጣ አይመስልም፤ ጊዜ አለን። ወንበር ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ የሌላችሁ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ያንን ስልክ አጥፉት፤ የመናፍስት ታሪክ በስልክ መብራት አይወራም።

ድሮ ነው። ፀሐይ ከገባች ቆይታለች፣ ጨረቃ ገና አልወጣችም። ከገበያው ሜዳ ወደ መንደሩ የሚወጣ አንድ መንገድ አለ። ግራና ቀኙ ቁልቋል ነው። ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ያስኬዳል። ሁለት ሰዎች ከሆኑ አንዱ የግድ ከኋላ ይሆናል። ይህን ያዙልኝ፤ አንዱ ከኋላ ይሆናል።

በዚያ መንገድ ባዘዘው የሚባል ሰው ይመጣል። ብቻውን ነው። ብቻውን መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለም።

ለምን እርግጠኛ አልሆነም? ይህን ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

ባዘዘው ክፉ ሰው አልነበረም። ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ጎበዝ አራሽ ነው፣ የሰው እንጀራ አይመኝም። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት፤ ወሬ ይወዳል፣ ወሬ ግን አይወደውም። እሱ ዘንድ የሚደርሰው ሁሌም ዘግይቶ ነው። እገሌ ወንድ ልጅ ተወለደለት ብሎ ሲገባ ልጁ ክርስትና ተነስቷል። ዳኛው ተሻረ ብሎ ሲሮጥ አዲሱ ዳኛ ከተሾመ ሰንብቷል። አፉን ሲከፍት የሰፈሩ ሰው በአንድ ድምፅ «ሰምተናል» ይለዋል። «ሰምተናል» የክርስትና ስሙ እስኪመስል ድረስ።

አሁን ይህ ሰው በመስከረም ማለቂያ ገበያ ወጣ። እዚያ አንድ ጨው ነጋዴ አገኘውና የመንደራችሁን ሰው አያ ፈንቴን ወንዝ ወሰደው፣ በቅሎውም አብራ ሄደች አለው።

አያ ፈንቴ ማን ነው? በሶውን በስልቻ ቋጥሮ፣ አንዲት በቅሎውን እየነዳ ወደ ቆላ የሚወርድ፣ ጥጥ ጭኖ የሚመለስ ነጋዴ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ ወሬ አያበዛም፣ ውሻ ባየ ቁጥር ከኪሱ አጥንት የሚያወጣ ሰው ነው። ሚስቱ እንጉዳይ ትባላለች። ልጅ የላቸውም። ሁለት በሬ አላቸው፤ አንዱ ቀይ ነው፣ አንዱ ዳለቻ።

ባዘዘው ወሬውን ሲሰማ አዘነ። ወዲያው ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ትንሽ ደስ አለው። ይህን ወሬ በመንደሩ ማንም አልሰማም። አንድ ጊዜ እንኳ ቀደመ ማለት ነው። ዳገቱን በሩጫ ወጣው።

በዚያ መንደር ደግሞ ደንብ አለ። ሰው በሩቅ አገር ሞተ ሲባል መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ወሬ ይዞ የመጣው ሰው ሽማግሌዎቹ ፊት ይቆምና አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? አየሁ ካለ በማግስቱ ንጋት መርዶው ይነገራል፣ ልቅሶው ይጀመራል። ሰማሁ ካለ ግን ማንም አያለቅስም። ሁለት ሰው ይላካል። ሁለቱ ሰዎች ወሬውን ከአፍ ወደ አፍ እየተከተሉ፣ ይህን ማን ነገረህ፣ አንተንስ ማን ነገረህ እያሉ፣ መጀመሪያ ያየው ዓይን ጋ ይደርሳሉ። ወሬውን ያመጣው ሰውም መንገድ መሪ ሆኖ አብሮ ይወርዳል።

መንገዱ ወደ ቆላ ነው። ወሩ መስከረም ነው። በመስከረምና በጥቅምት ቆላ የወረደ ሰው የወባ ንዳድ ይዞት ይመለሳል፤ የማይመለስም አለ። ባዘዘው ሽማግሌዎቹ ፊት ሲቆም ልብሱ በካፊያ ርሶ ነበር፣ እግሩ ዝሏል፣ እርጥብ ማገዶ ከሚጨስበት ቤት ውስጥ የሽሮ ሽታ ይመጣል። ደግሞስ፣ ሲል አሰበ፣ ሰውዬው እንደሆነ ሞቷል። አየሁም አልኩ ሰማሁ፣ ከሞት ይነሣል?

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ጓሉ ይባላሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን የድመት ነው።

«ልጄ፣ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» አሉት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እንዲያ ደክሟችሁ፣ እንዲያ ርሳችሁ?

ዝም አላችሁ። ባዘዘው ግን ዝም አላለም።

«አየሁ» አለ።

በቃ። አንዲት ቃል ናት፤ ከገበያው አልፈህ ወንዙ ድረስ መቼ ወረድክ ያለው የለም። ውሸት ግን ብቻዋን መኖር አትወድም፤ ዘመዶቿን ትጠራለች። ንጋት ላይ መርዶው ተነገረ፣ እንጉዳይ መሬት ላይ ወደቀች፣ ከወደቀችበት ቀና ስትል መጀመሪያ የጠየቀችው ባዘዘውን ነው። ምን ብሎ ሞተ አለችው። ባዘዘው ባዶዋን ሊሰዳት አልቻለም። እጁን ወደ ሰማይ እንዳነሣ ነው ውሃው የወሰደው አላት። ምንም አላለም ወይ አለች። እንጉዳይን አደራ ብሏል አላት። ሰዉ ሁሉ አለቀሰ። ሰው ሲያለቅስለት ባዘዘው ሞቅ አለው፤ ቀዩንም በሬ ለቤተ ክርስቲያን ስጡልኝ ብሏል ሲል ጨመረ።

ይኸኛው ከየት እንደመጣ እሱም ኋላ ቢያስበው ሊደርስበት አልቻለም።

አልቃሿ ወዲያው ተቀበለችው፦

ፈንቴ ወንዝ ገባ እጁን እንዳነሣ፣
ቀዩን ለታቦቱ ሥጋውን ለዓሣ።

ግጥሙ አማረ። ሰዉ ወደደው። ከዚያ ቀን በኋላ ባዘዘውን «ሰምተናል» የሚለው ጠፋ። በየቤቱ እየተጠራ፣ ጠላ እየተቀዳለት፣ እንዴት እንደሞተ እስቲ ንገረን ይባል ጀመር። በነገረ ቁጥር ወንዙ ይሰፋል፣ ማዕበሉ ይከብዳል። ቀዩ በሬ ተጎትቶ ቤተ ክርስቲያን ገባ። በአርባኛው ቀን ተዝካሩ ተበላ፣ ዳሱ ሞላ፣ ባዘዘው ከካህናቱ ቀጥሎ ተቀመጠ።

እስከ አርባኛው ቀን ድረስ አንድም ነገር አልሆነም። ኮሽ ያለ የለም።

የመጀመሪያው ነገር የሆነው ከተዝካሩ በኋላ በአራተኛው ማታ ነው። ሞተ ከተባለ አርባ ቀን ያለፈው ሰው እስከዚያ ድረስ የት ቆየ? ለምን ቀደም ብሎ አልመጣም? ይህን ጥያቄ በእጃችሁ ያዙት፤ ኋላ ራሳችሁ ትመልሱታላችሁ።

በዚያ ማታ ባዘዘው ሰው ቤት ሲያወራ አምሽቶ በቁልቋሉ መንገድ እየተመለሰ ነው። ከኋላው ድምፅ ሰማ።

ቋ። ሽርርር።

ቆመ። ድምፁም ቆመ። ተራመደ።

ቋ። ሽርርር።

ዱላ መሬት ይመታል፣ ከዚያ እግር ይጎተታል። ባዘዘው የሰፈሩን አንካሶች አንድ በአንድ አሰበ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ በዚያ ሰዓት ተኝቷል፣ አንዱ ቀድሞ ሞቷል። ፈጠን አለ። ቤቱ ገብቶ መዝጊያውን ቀረቀረና ለሚስቱ ብርድ ነው አላት።

በሁለተኛው ማታ ጅልነቱ ታወቀውና ውሻውን ይዞ ወጣ። ውሻ መንፈስ ያያል፣ ይጮሃል፣ ያባርራል ሲባል ሰምቷል። አያችሁ፣ ይህንንም የሰማው ነው። ሲመለስ ያው ድምፅ መጣ። ቋ። ሽርርር። ውሻው ዞረ። አልጮኸም። ጭራውን እየቆላ ወደ ጨለማው ሮጠ፣ የሚያውቀው ሰው እንዳገኘ እዚያ ሲፈነጥዝ ቆየና ተመለሰ። ባዘዘው ጎንበስ ብሎ ራሱን ዳበሰው።

የውሻው ራስ ርጥብ ነበር። ዝናብ አልነበረም። እርጥበቱ የአንድ እጅ መዳፍ ያህል ብቻ ነው።

ባዘዘው በማግስቱ የነፍስ አባቱ ዘንድ ሄዶ እግሬን ያመኛል ብሎ ጠበል ተረጨ። መንፈስ ብረት ይፈራል ሲባል ሰምቶ ከበሩ መቃን ላይ አሮጌ ማረሻ ሰካ። በማታ መውጣትም ተወ። ሰው ግን መጣ፤ ከወንዝ ማዶ እንግዶች መጥተዋልና የአያ ፈንቴን አሟሟት ንገራቸው ብለው ወሰዱት። እምቢ አይባልም። ነገራቸው፣ ጠጡ፣ መሸ፣ ሸኙት። ቁልቋሉ ጋ ሲደርሱ ሸኚዎቹ ተመለሱ።

እንግዲህ መጀመሪያ የነገርኳችሁ ማታ ይህ ነው። ፀሐይ ከገባች ቆይታለች፣ ጨረቃ ገና አልወጣችም።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የወንዝ ጭቃ፣ የረጠበ ጋቢ። ከዚያ ድምፁ። ቋ። ሽርርር። ቀረብ አለ። ቋ። ሽርርር። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ ያስኬዳል ብያችኋለሁ፤ ገለል ብሎ ማሳለፍ የለም። የተከታዩ ትንፋሽ ማጅራቱ ላይ ደረሰ። ትንፋሹ ቀዝቃዛ ነው።

«ባዘዘው።»

የአያ ፈንቴ ድምፅ ነው። ሰው ምን ያደርጋል? ይጮሃል ትላላችሁ። ባዘዘው ግን በሥርዓት ያደገ ሰው ነው፤ ታላቅ ሲጠራው ሳያስበው አፉ መለሰ።

«አቤት፣ አያ።»

«አየሁ ብለሃል አሉ።»

ባዘዘው እርምጃውን አፈጠነ፤ ድምፁ አልራቀም።

«እስቲ ንገረኝ። እንዴት ነበር የሞትኩት? እኔ ወንዙ ውስጥ ስሞት አላየሁም።»

ባዘዘው ሌላ የሚለው ቢያጣ የለመደውን ነገረው። ወንዙን ነገረው፣ ማዕበሉን ነገረው፣ እጁን ወደ ሰማይ ማንሣቱን ነገረው። ከኋላው ያለው፣ ጨዋታ እንደሚሰማ ሽማግሌ፣ እየቆየ እ ይላል፣ እሺ ይላል። ቀዩ በሬ ላይ ሲደርስ አቋረጠው።

«ቀዩን በሬ?»

«አዎ፣ አያ።»

«ለቤተ ክርስቲያን?»

«አዎ።»

«እንጉዳይ በምን ልታርስ ነው ታዲያ? ዳለቻውን ከማን ጋር ልታጠምደው ነው?»

ባዘዘው ይህን አስቦት አያውቅም። በአንድ በሬ አይታረስም። እንጉዳይ በዚያ ሰሞን መሬቷን ለእኩል እያሳረሰች እንደሆነ፣ ግማሹ እህል ለባለ በሬው እንደሚሄድ ያውቅ ነበር፤ ከራሱ ቃል ጋር ግን አላገናኘውም።

«ንግግሩስ ያምራል» አለ ድምፁ። «የኔ ግን አይደለም።»

ከዚያ ዱላው መሬት መምታቱን ተወ። ባዘዘው ሄደ ብሎ ተስፋ አደረገ። አልሄደም። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ የሚወቅስ ሳይሆን የደከመ ሰው ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ባዘዘው፣ እኔ እኮ ሁለት ሰው ጠብቄ ነበር።»

ባዘዘው ሊሮጥ አንድ እግሩን አነሣ።

«አየሁ ብለሃል። እንግዲያው ናና እየኝ።»

እዚያው ከትከሻው ላይ አንድ እጅ አረፈ። ርጥብ ነው፣ ቀላል ነው፣ የሰው ክብደት የለውም። ባዘዘው አልዞረም። እንዴት ቤቱ እንደደረሰ አላወቀም። ጠዋት ሚስቱ ጋቢውን ስታነሣ በቀኝ ትከሻው በኩል አምስት የጭቃ ጣቶች አየች።

ያንን ጋቢ እንደለበሰ አባ ጓሉ ደጅ ሄዶ ቆመ። ሌሎቹም ሽማግሌዎች ነበሩ። አላየሁም አለ፤ ሰማሁ እንጂ አላየሁም። ስለ ማዕበሉም፣ ስለ እጁም፣ ስለ በሬውም ዋሽቻለሁ አለ። አንዱ ሽማግሌ ከዘራውን አነሣ። አባ ጓሉ ግን ያዙት።

«ከማን ሰማህ?» አሉት።

«ከጨው ነጋዴው።»

«ተነሥ እንግዲህ፣ ምራን።»

ዓይናቸው የደከመው ሽማግሌ ራሳቸው ወረዱ፣ አንድ ጎልማሳ አስከትለው። ሁለት ሰው። ከአርባ ቀን በላይ ዘግይተው።

ጨው ነጋዴውን አገኙት። አይተሃል ወይ ሲሉት እኔስ አላየሁም፣ በመልካው፣ በወንዙ መሻገሪያ ያለው ዋናተኛ ነገረኝ አለ። ዋናተኛው በሙላት ጊዜ መንገደኛ የሚያሻግር ሰው ነው። አይተሃል ወይ ሲሉት አዎ አለ፣ በቅሎ ስትወሰድ አይቻለሁ። ባለቤቱንስ? ባለቤቱን አላየሁም፣ በቅሎዋ ከሄደች እሱስ የት ይቀራል ብዬ ነው። ይኸው ነው። አንድ ሰው በቅሎ አየ፣ አንዱ ባለቤቱን ጨመረበት፣ አንዱ ዓይኑን ጨመረበት። ማንም ጠላት አልነበረም።

ከዋናተኛው ጋ ተነሥተው ወንዙን ተከትለው ወረዱ። ግማሽ ቀን ሄዱ። ከወንዙ ራቅ ብሎ የጥጥ ጠባቂዎች የሚሠሯት፣ በንዳዱ ወራት የሚተዉአት አንዲት ደሳሳ ጎጆ አለች። ተከትሏቸው የመጣው የባዘዘው ውሻ ቀድሟቸው ሮጠ። ከደጃፏ ተኝቶ ጭራውን ያወዛውዝ ጀመር።

አያ ፈንቴ እዚያ ነበር። ውሃው ጥሎት ኖሯል። እግሩ ተሰብሯል፣ የእንጨት ምርኩዝ ሠርቷል፣ ባዶ የበሶ ስልቻ አጠገቡ ወድቋል፣ የዱር እንኮይ ፍሬ ተቆልሏል። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ነው የሞተው። ሰው ሲመጣ ቀድሞ ለማየት በሚመች ቦታ።

ከጎኑ ጠጠር ተደርድሯል። በየጠዋቱ አንድ፣ አንድ፣ አንድ።

ባዘዘው ተንበርክኮ ቆጠረ። አባ ጓሉ አያዩም፣ ስንት ነው አሉት።

«አርባ ሦስት።»

አባ ጓሉ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩና መሐል ላይ አቆሙ። እናንተም ቁጠሩ። ተዝካሩ በስንተኛው ቀን ነው የተበላው? ዳሱ ሞልቶ፣ ካህናቱ ባርከው፣ ባዘዘው ጠላ ሲቀዳለት፣ ሰውዬው ጎጆዋ ውስጥ ቁጭ ብሎ አርባኛውን ጠጠር ያስቀምጥ ነበር። ሁለት ሰው ይጠብቅ ነበር። ደንቡን ያውቃላ፤ በዚያ መንደር የተወለደ ነው።

አሁን ለምን ቀደም ብሎ እንዳልመጣ ገባችሁ? እስከ አርባ ሦስተኛው ቀን ድረስ አልሞተም ነበራ።

አስከሬኑን ይዘው ወጡ። መንደር ሲገቡ እንጉዳይ ደጇ ላይ ቆማለች። ሰዉ ሁሉ ባዘዘውን እንድትረግመው ጠበቀ። አልረገመችውም። ምን ብሎ ሞተ አለችው እንደገና።

«አልሰማሁም፣ እቴ» አለ።

«እንግዲያው ያየኸውን ንገረኝ።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውን ነገራት። ጠጠሩን ነገራት፣ ፊቱ ወደ መንገድ መሆኑን ነገራት፤ አንዲት ቃል አልጨመረም። አጭር ነበር። ማንም ግጥም አላወጣለትም። ቀዩ በሬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ከዳለቻው ጋር ተጠመደ፤ እስኪያረጅ ድረስ የሚያርስላት ባዘዘው ነበር፣ ያለ እኩል፣ ያለ ምንዳ። የጭቃው ጣቶች ግን ከጋቢው አልለቀቁም ይባላል። በእንዶድ ቢታጠብ፣ በአመድ ቢታሽ።

ይባላል ነው ያልኩት። እኔ አላየሁም። ይህን ታሪክ ነገ ለሌላ ስታወሩ እናንተም ሰማን በሉ፤ አየን ያላችሁ እንደሆነ በቁልቋሉ መንገድ ስትመለሱ እንገናኛለን።

አሁን የኔን።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት ጋሽ ላቀው የሚባል ዘበኛ ነበር። የፈተና ወረቀት ወጣ ተባለ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንዲት ጓደኛዬ፣ ጋሽ ላቀው ወረቀቱን ለልጆች ሲያቀብል ታይቷል አለችኝ። ማን እንዳየ አልጠየቅኳትም። ኮሚቴ ተቀመጠ፣ እኔም ተጠራሁ፣ ሊቀ መንበሩ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ አይተሻል ወይስ ሰምተሻል? ሰማሁ ብል የጓደኛዬን ስም ልናገር ነው፣ እሷም ልትጠራ ነው፣ ስብሰባው ሊረዝም ነው። አንበሳ አውቶቡስ የሚያመልጠኝ ሰዓት ደርሶ ነበር። ደግሞስ፣ አልኩ በልቤ፣ ሰውዬው እንደሆነ አድርጎታል።

አይቻለሁ አልኩ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከቆመበት በር ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ወጣ። በሩ ጋ ሲያገኘኝ እንደ ወትሮው ባርኔጣውን አነሣልኝ፤ ማን እንደመሰከረበት አልተነገረውም ነበር። በዓመቱ፣ እሱ በሌለበት፣ ወረቀቱ እንደገና ወጣ። ያን ጊዜ አወቅኩ። ዝም አልኩ።

ስለ እሱ ከዚያ ወዲህ የማውቀው የሰማሁትን ብቻ ነው። አገሩ ገባ የሚሉ አሉ። ሞቷል የሚሉም አሉ። ማን አየ ብዬ ብጠይቅ ግን ያየ ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ እንደዚያ መንደር ደንብ ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቼ ወሬውን ከአፍ ወደ አፍ እየተከተልኩ ልሄድ ነው። ምናልባት አንድ ቦታ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ ተቀምጦ ይሆናል። ደንቡ ሁለት ሰው ይላል፤ እኔ አንድ ነኝ። ከእናንተ መሐል አብሮኝ የሚመጣ ካለ በዚያ ጠዋት የቤቴን በር ያንኳኳ። እንዲህ ያለ መንገድ ብቻ አይኬድም።

ይቅርታውን መጀመሪያ መለመን ያለብኝ እሱን ነው፣ አውቃለሁ። እስክደርስበት ድረስ ግን፣ ይህን የሰማችሁም ያነበባችሁም፣ እባካችሁ እናንተ ይቅር በሉኝ።